በጮሌ ያገለገለ የጌም ኮምፒውተር በስንት ይሸጣል?

አዲስ አበባ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ሱቅ ከሱቅ እየዞሩ አምስት ዋጋ ሰምቶ መሐል ላይ ያለውን መያዝ ይቻላል። አርሲ ውስጥ ባለችው የጮሌ ከተማ ግን የእናንተን የመሰለ ኮምፒውተር የሚሸጥ ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል። የምታስተያዩበት ነገር ሲጠፋ፣ ወይ ስትገዙት የከፈላችሁት ትዝ ይላችሁና ከዚያ ላይ ትንሽ ትቀንሳላችሁ፣ ወይ ደግሞ ገዢው የጠራውን ትቀበላላችሁ። የመጀመሪያው ማሽኑን ለወራት ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሁለተኛው ኪሳችሁን ይጎዳል።

ተገቢ ዋጋ የምለው ገዢው ፊት ቁጭ ብላችሁ ዕቃ በዕቃ ልታስረዱት የምትችሉትን ዋጋ ነው። እንደ ጮሌ ባለ ከተማ ገዢያችሁ ነገ ገበያ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ለቅሶ ቤት የምታገኙት ሰው ነው። የምትጠሩት ቁጥር ዐይን ዐይኑን እያያችሁ የምትናገሩት መሆን አለበት።

የሚያስፈልጋችሁ ግማሽ ቀን፣ ባለመስቀል ካቻቢቴ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ፍላሽ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ኢንተርኔቱ በሚሻልበት ሰዓት ሲፒዩ-ዚ፣ ጂፒዩ-ዚ፣ ክሪስታልዲስክኢንፎ እና ኤችደብሊውሞኒተር የሚባሉትን ነጻ ፕሮግራሞች አውርዳችሁ ፍላሹ ላይ አስቀምጡ። ትንንሽ ስለሆኑ በስልክ ዳታም ይወርዳሉ።

1. ማሽኑን በሙሉ ስሙ ጻፉ

«ኮር አይ ሰቨን ነው» ማለት ምንም እንዳለማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ7-2600 እና በ2022 የወጣው አይ3-12100 ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ በስም ያነሰው አይ3 በሥራ ይበልጣል። ዋጋውን የሚወስነው ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። 4790 አራተኛ ትውልድ፣ 8400 ስምንተኛ፣ 12100 ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ትውልድ መሆኑን ይናገራል። ሲፒዩ-ዚ ሲከፈት ሙሉውን ስም ከላይ ያሳያችኋል፤ እንዳለ ገልብጡት።

ግራፊክስ ካርድ ላይ ስህተቱ ይብሳል። «ፎር ጂቢ ግራፊክስ አለው» የሚለው ማስታወቂያ በየቦታው አለ። ጂቲ 730 ባለ 4 ጊጋ አለ፤ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይም 4 ጊጋ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ለማየት የሚሆን ካርድ ነው፤ ሁለተኛው ግን የእግር ኳስ ጌሙ ኤፍሲ 24 ለፒሲ በዝቅተኛነት ከጠየቃቸው ካርዶች አንዱ ነው። የጊጋውን ቁጥር ብቻ አይቶ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ወይ ራሱ ይከስራል፣ ወይ ሰው ያከስራል።

ጂፒዩ-ዚን ስትከፍቱ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው፣ ከካርዱ ስም ፊት «ፌክ» የሚል ቃል ካለ፣ ካርዱ አሮጌ ቺፕ ላይ የአዲስ ስም ተጽፎበት የተሸጠላችሁ ነው። ሁለተኛው የአርኤክስ 580 ባለቤቶችን ይመለከታል። ትክክለኛው 2304 ሼደር አለው፤ 2048 ካላችሁ ግን በሥራ ከ570 የሚመደበው ነው። ይህን ገዢው ቤት ወስዶ ከሚያገኘው እናንተ ቀድማችሁ ብታገኙት ይሻላል። ተታልላችሁ ገዝታችሁት ከሆነ ያናድዳል፤ ያም ሆኖ የተታለላችሁበትን ዋጋ ለሌላ ሰው ማሸጋገር አይገባም።

የራሙን መጠንና ዓይነት (ዲዲአር3 ነው ዲዲአር4)፣ ዲስኮቹን፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ዋት ጨምራችሁ ጻፉ። ማሽናችሁ ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ሆኖ ግራፊክስ ካርድ የተጨመረበት ከሆነ ያንንም መዝግቡ። የእነዚህ ፓወር ሰፕላይ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው፤ ገዢው ነገ ትልቅ ካርድ ልጨምር ቢል አይችልም። ተራው ገበያ ላይ ያለ ፓወር ሰፕላይም ሁልጊዜ አይገጥምለትም።

2. አጽዱት፤ ጎሚስታ ቤት ግን አትውሰዱት

በአርሲ የስንዴና የገብስ ውቂያ ሲደርስ ብናኙ ቤት ድረስ ይገባል። የኬዙን የጎን ክዳን ስትፈቱ፣ ከፕሮሰሰሩ ፋን ሥር ያሉት የአሉሚኒየም ክንፎች ላይ ግራጫ ነገር ተነጥፎ ታገኛላችሁ። በጣታችሁ ጫፉን ይዛችሁ ስትስቡት እንደ ባዘቶ ጥጥ በአንድነት ይነሳል። ማሽኑ ሲሠራ የሚጮኸውና የሚግለው ብዙ ጊዜ በእሱ ምክንያት ነው። ይህን ያላጸዳ ሻጭ በማያስፈልግ ነገር ዋጋ ይቀነስበታል፤ ገዢው ጩኸቱን ሲሰማ «ያረጀ ነው» ብሎ ነው የሚያስበው።

ብዙ ሰው ቀላል መስሎት ኮምፒውተሩን ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ያስነፋዋል። አታድርጉት። የጎማ ኮምፕሬሰር አየር ውስጥ ውሃና ዘይት አለ፤ ግፊቱም ፋኑን ከልክ በላይ አሽከርክሮ ሊሰብረው ይችላል። በብሩሽ፣ ፋኑን በአንድ ጣት ይዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ከዚያ በፊት ማሽኑ ከሶኬት የተነቀለ መሆኑን አረጋግጡ፤ እጃችሁንም የኬዙን ብረት አስነኩት።

እግረ መንገዳችሁን ሰዓቱን እዩ። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ አልቃለች። ስሟ ሲአር2032 ነው፤ ርካሽ ናት። ያልተለወጠች እንደሆነ ግን ገዢ «ማዘርቦርዱ ችግር አለበት» ብሎ ብዙ ብር ይቀንስባችኋል።

3. አንድ ሰዓት ጌም አጫውቱት

ኤችደብሊውሞኒተርን ከፍታችሁ ከበድ ያለ ጌም ለአንድ ሰዓት ክፈቱበት። ሲያበቃ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ጻፉ። ግራፊክስ ካርዱ እስከ 85 ዲግሪ ባለው ውስጥ ከቆየ ደኅና ነው። ፕሮሰሰሩ 95 እየነካ ከሆነ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ለውጡና እንደገና ሞክሩ።

ሙከራውን ማታ ማታ አታድርጉት። ቤቱ ሁሉ ምጣድ በጣደበት ሰዓት መብራቱ ስለሚደክም ማሽኑ በኃይል እጥረት ሊጠፋ ይችላል፤ እናንተ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ የተበላሸ ይመስላችኋል። ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ሞክሩ፤ ስታብላይዘር ካለ በእሱ በኩል ይሁን። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ ካለው፣ 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ እንዳትሰኩት። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ 115 ላይ እንዳለ የተሰካ ፓወር ሰፕላይ ይቃጠላል።

ክሪስታልዲስክኢንፎ ስለ ዲስኩ ጤንነት ይነግራችኋል። ሰማያዊ ከሆነ ጥሩ ነው። ቢጫ ከሆነ ዲስኩ መታመም ጀምሯል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ዕቃ አትቁጠሩት። የሠራባቸው ሰዓቶችም እዚያው ተጽፈዋል። እኔ አንድ ጊዜ «አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝን ዲስክ ሳየው ከ20 ሺህ ሰዓት በላይ ሠርቷል፤ ሌት ተቀን ሳይጠፋ ከሁለት ዓመት በላይ ማለት ነው። ያን ቀን የተሰማኝን ገዢዬ እንዲሰማው ስለማልፈልግ የዚህን ገጽ ፎቶ ሳላሳይ ዲስክ አልሸጥም።

4. ቀኑ ያለፈበትን ለዩ

ሁለት ቀኖች አሮጌ ማሽኖችን ለሁለት ከፍለዋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ኢንቴል ወይም ከራይዘን 2000 ጀምሮ ያለውንና ቲፒኤም 2.0 ያለውን ነው። ስለዚህ አይ7-7700 እና አይ5-8400 በፍጥነት ባይራራቁም፣ አንዱ ከመስመሩ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ቀርቷል። ከመስመሩ ወዲያ የቀረው ይሠራል፤ ጌምም ያጫውታል። ዋጋው ግን ያንን ማንጸባረቅ አለበት።

ኤንቪዲያ በበኩሉ ለጂቲኤክስ 900 እና 1000 ቤተሰብ ካርዶች አዳዲስ ጌሞችን ታሳቢ ያደረገ ሾፌር ማውጣቱን በዚያው በጥቅምት 2018 ዓ.ም አብቅቶ፣ እስከ ጥቅምት 2021 ዓ.ም የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ እንደሚሰጥ አስታውቋል። ጂቲኤክስ 1650 በዚህ ውስጥ የለም። 1060 ባለ 6 ጊጋ በጉልበት ከ1650 አያንስም፤ ሁለቱን ስታወዳድሩ ግን ዕድሜውንም አስቡ።

5. የዛሬውን ዋጋ ሰብስቡ

«ስገዛው 30 ሺህ ነበር» የሚለውን ከአእምሯችሁ አውጡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ተሻገረ። ኮምፒውተር ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ከዚያ በፊት የገዛ ሰው በድሮው ብር አስቦ አንዳንዴ ከሚገባው በታች ይሸጣል። ራምም እንዲሁ ነው፤ በ2018 ዓ.ም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ምርቱን እየጠቀለሉት በዓለም ገበያ ዋጋው በጣም ወጥቷል። ባለ 16 ጊጋ ማሽናችሁ ላይ ራሙን እንደ ትርፍ ነገር አትለፉት።

ጂጂ የሚባለው የሽያጭ ድረ ገጽ ላይና የቴሌግራም የንግድ ቻናሎች ላይ እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ ፈልጉ። የምታዩት የተጠየቀበትን ዋጋ እንጂ የተሸጠበትን አለመሆኑን አትርሱ። ለወር ያህል እየተመላለሰ የሚለጠፍ ማስታወቂያ በዚያ ዋጋ እንዳልተሸጠ ራሱ ይመሰክራል። በጣም ከፍ ያለውንና በጣም ዝቅ ያለውን ጣሉ፣ የቀረውን መሐል ያዙ።

ከዚያ ስልክ አንሱ። አሰላ፣ አዳማና አዲስ አበባ ላሉ ሦስት አራት ሱቆች ሁለት ዓይነት ጥያቄ አቅርቡ፦ «ይህን ካርድ በስንት ትሸጡልኛላችሁ?» እና፣ በሌላ ስልክ፣ «ይህን ካርድ ከእኔ በስንት ትገዛላችሁ?»። በሁለቱ መልሶች መሐል ያለው የሱቁ ትርፍና ኪሳራ መሸፈኛ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚሸጥ ዕቃ ተገቢ ዋጋ በእነዚህ በሁለቱ መሐል ያርፋል። ሱቁ የሚሸጥበትን ሙሉ ዋጋ መጠየቅ የለባችሁም፤ ሱቅ ዕቃው ቢበላሽ ይለውጣል፣ እናንተ ግን መለዋወጫ የላችሁም።

6. ደምሩ፣ ቀንሱ

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹን ያስቀመጥኳቸው ለስሌት ያህል ብቻ ነው፤ የዛሬውን በራሳችሁ ሙሉ። ማሽኑ አይ5-8400፣ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6፣ 16 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲና 1 ቴራ ሀርድ ዲስክ ነው እንበል። ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር 14,000፤ ግራፊክስ ካርድ 16,000፤ ራም 8,000፤ ኤስኤስዲ 3,500፤ ኬዝና ፓወር ሰፕላይ 5,000። ሀርድ ዲስኩ ቢጫ ስላሳየ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። ድምሩ 46,500 ነው።

ከዚህ ላይ አንድ አሥረኛ፣ 4,650 ቀንሱ። ዕቃውን በታትኖ መሸጥ ሙሉውን ያስገኝ ይሆናል፤ ግን አምስት ገዢ፣ አምስት ድርድርና አምስት ጉዞ ይፈልጋል። በጅምላ ስትሸጡ ያ ድካም ቀረላችሁ፤ የቀረላችሁን ድካም ለገዢው ታካፍሉታላችሁ። 41,850 ቀረ።

የማይደመሩትን ለዩ። ኬዙ ላይ የሚያብረቀርቀው መብራት ደስ ያሰኛል እንጂ ዋጋ አይጨምርም። የተጫኑት ጌሞችም ማሽኑን ቶሎ ያሸጡት ይሆናል፤ ዋጋ ግን አይሆኑም። በአካውንት የተገዛ ጌም ከነባለቤቱ የሚቆይ ነው።

7. የመንገዱን ሂሳብ ሥሩ

እዚህ ላይ ነው ሻጭና ገዢ ጮሌ ላይ የሚጣሉት። ሻጩ «እዚህ አይገኝም፣ ስለዚህ ይጨመርበት» ይላል። ገዢው «እዚህ ሠሪ የለም፣ ስለዚህ ይቀነስልኝ» ይላል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱንም በብር መተመን ይቻላል።

ገዢው ከእናንተ ባይገዛ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። ከአሰላ አዲስ አበባ ብቻ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጮሌ አሰላ ያለው መንገድ ይጨመርበታል። የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያውና ምግቡ 2,400 ቢሆን፣ ያንን አስቀርታችሁለታል። ግማሹን፣ 1,200 ጨምሩ። ሙሉውን መጨመር ግን አይገባም፤ እናንተም ማሽኑን ተሸክማችሁ አዲስ አበባ ከመሄድ ድናችኋል።

በሌላ በኩል ማሽኑ በሁለት ወር ውስጥ ቢቆም ገዢው አሰላ ድረስ ይዞት መሄዱ አይቀርም። ትራንስፖርቱና የሠሪው እጅ 2,000 ቢፈጅ፣ ያንን ሙሉውን ቀንሱ። ለምን ሙሉውን ብትሉኝ፣ ማሽኑን ለዓመታት የተጠቀማችሁበት እናንተ ናችሁ፤ ቢበላሽም የሚበላሸው ባመዛኙ በእናንተ እጅ ባረጀው ነው። 41,050 መጣ፤ 41,000 በሉት።

ይህን ሂሳብ በንጹሕ ወረቀት ገልብጡት። ወረቀቱ ለድርድሩ ቀን ያስፈልጋል።

8. ገዢውን ጌም ከሚጫወቱት ውጭም ፈልጉ

ጌም ወዳዱ ወጣት ብዙ ጊዜ ገንዘብ የለውም። ፎቶ ቤት ያለው፣ ሠርግ ቀርጾ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ባነር የሚሠራ፣ ንድፍ የሚማር ተማሪ ግን የእናንተን ግራፊክስ ካርድ ለእንጀራው ይፈልገዋል። ለእነዚህ ሰዎች የምታሳዩት ጌም ሳይሆን አንድ ቪዲዮ በስንት ደቂቃ እንደሚያወጣ ነው።

ጊዜውም ይወስናል። ምርት ገብቶ ገንዘብ በእጅ ሲኖር፣ የጥር ሠርግ ከመድረሱ በፊት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብትሸጡ ጥሩ ነው። ክረምት ላይ፣ ገበሬው ገንዘቡን ማዳበሪያ ላይ ባዋለበት ወቅት ማሽን የሚያወጣ ሰው ዋጋ ለመስበር ይገደዳል።

9. ሦስት ቁጥር ይዛችሁ ተደራደሩ

የመክፈቻ፣ የታሰበና የመጨረሻ ዋጋ ይኑራችሁ። በምሳሌያችን 43,500፣ 41,000 እና 39,000 ሊሆኑ ይችላሉ። መክፈቻውን 60 ሺህ ካደረጋችሁት ገዢው ሳይመለስ ይሄዳል፤ ጮሌ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ገዢ በቀላሉ አይገኝም።

ብዙ ጊዜ ለልጃቸው ሊገዙ የሚመጡ አባት ያጋጥማችኋል። ስለ ማሽኑ ብዙ አያውቁም፤ ዋጋ መደራደር ግን በደንብ ያውቃሉ።

«ልጄ፣ የመጨረሻውን ንገረኝ።»

«አባባ፣ 41 ሺህ ይሁን። ወረቀቱን ይዩት፤ ይኸኛው ዲስክ ስለታመመ ምንም አላሰብኩበትም፤ ይኸኛው ደግሞ ቢበላሽ ለአሰላ መሄጃ የቀነስኩልዎ ነው።»

«አርባ አድርጋት።»

አንድ ሺህ ብር መቀነስ እዚህ ላይ ይገባል፤ ከመጨረሻ ዋጋችሁ በላይ ናችሁ፣ እሳቸውም ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። ደላላ መሐል ካለ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል ገዢው ከመምጣቱ በፊት ተነጋገሩ፤ በኋላ የሚነሳ ኮሚሽን ዋጋ ያበላሻል።

10. ርክክቡን በሥርዓት አድርጉ

ማሽኑን ገዢው ፊት አስነሱና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሠሩት። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ከሆነ የተላከላችሁን አጭር መልእክት ወይም የገዢውን ስልክ ፎቶ አትመኑ። ሐሰተኛ መልእክት መላክ ቀላል ነው። በራሳችሁ መተግበሪያ ወይም፣ ቴሌብር ከሆነ፣ በ*127# ገብታችሁ ቀሪ ሂሳቡን እዩ።

በአንድ ገጽ ወረቀት የዕቃዎቹን ስምና ሴሪያል ቁጥር፣ ዋጋውን፣ ቀኑን፣ የሁለት እማኞችን ስም ጽፋችሁ ሁለት ኮፒ አድርጉ። ለሰባት ቀን ከራሱ የሚመጣ ብልሽት ቢኖር ተመልሶ እንደሚታይ እዚያው አስፍሩ። ግራፊክስ ካርዱን ሴሪያል ቁጥሩን በፎቶ ያዙ፤ ሌላ ካርድ ተቀይሮ እንዳይመለስላችሁ ይጠብቃችኋል። ከመስጠታችሁ በፊት ከቴሌግራም፣ ከጎግልና ከጌም አካውንቶቻችሁ ውጡ፣ ፎቶዎቻችሁን ገልብጡ፣ ዊንዶውሱን እንደገና ጫኑት።

ማሽኑ መንገድ የሚሄድ ከሆነ ግራፊክስ ካርዱን ነቅላችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለብቻው ስጡ፤ ኮረኮንች ላይ በክብደቱ ተነቃንቆ ማስገቢያውን ይሰብራል። ገዢው ቤት ሄዳችሁ መልሳችሁ ብትገጥሙለት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። የሞኒተሩን ገመድ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ «ሸጠህልኝ፣ አይሠራም» ብሎ በማግስቱ የሚደውል ብዙ ነው።